ለአሮጌ ከባድ ማሽኖች የሞተር ዘይት አመራረጥ፦ ለጎጃም ወፍጮ፣ ትራክተርና ዶዘር ባለቤቶች

«ሞተሩ ካረጀ የሚያዋጣው ወፍራም ዘይት ነው» የሚለው ምክር ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በየዘይት መሸጫው ይሰማል። ምክሩ ከልምድ የመነጨ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሞተሩ ሳይታይ፣ ማሽኑ ደጋ ላይ ይሥራ ቆላ ሳይጠየቅ፣ ቀደም ሲል ምን ዓይነት ዘይት ሲጨመርበት እንደኖረ ሳይታወቅ ነው። በዚህ መመሪያ አስቀድመን ሞተሩን፣ ቀጥለን ያለፈ ታሪኩን፣ ከዚያም የሚሠራበትን አገር እናያለን፤ በጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ የምናነበው ከእነዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ እጅግ ውድ የሆነ ዘይት እንኳ ሞተር ሊያበላሽ ይችላል።

አሮጌ የምላቸው በተለይ ሦስት ዓይነት ማሽኖችን ነው። የመጀመሪያዎቹ በየገጠር ከተማው እህል የሚፈጩት በዝግታ የሚዞሩ የናፍታ ሞተሮች ሲሆኑ፣ ሊስተርና በእርሱ አምሳል የተሠሩት ከእነዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛዎቹ እንደ ማሲ ፈርጉሰን 135 እና እንደ ቤላሩስ ኤም.ቴ.ዜ-50 እና 80 ያሉ ትራክተሮች ናቸው። ሦስተኛዎቹ መንገድ ሲቆርጡና ድንጋይ ሲገፉ የኖሩ እንደ ካተርፒላር ዲ8ኤች ያሉ ዶዘሮችና ግሬደሮች ናቸው።

ደረጃ 1፦ ዘይቱ በሞተሩ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ይወቁ

የማሽኑ የአሠራር መጽሐፍ ካለ ከማንም ምክር በፊት እርሱን ይክፈቱ። ከሌለ ደግሞ በሞተሩ ጎን ላይ የተመታውን ስም፣ ሞዴልና ቁጥር ጽፈው ይያዙ። ቅባት ከደበቀው በናፍታ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉት፤ በላዩ ላይ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ግን ፊደሉ እንዳይጠፋ በስለት አይፋቁት።

ቀጥሎ የሚመረመረው ሞተሩ ዘይቱን የሚያዳርስበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ የወጣውና በደቂቃ 650 ጊዜ ገደማ የሚዞረው የሊስተር ሲ.ኤስ. ሞተር ዘይቱን በአብዛኛው በርጭት ነው የሚያዳርሰው፤ በፒስተኑ ዘንግ ግርጌ ያለ ማንኪያ መሰል ብረት በእያንዳንዱ ዙር ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለውን ዘይት እየጠለቀ ይረጨዋል። በእንዲህ ያለ ሞተር ውስጥ ከልክ ያለፈ ወፍራም ዘይት ቢጨመር፣ ብረቱ ጠዋት በቀዘቀዘው ዘይት ላይ ቦይ ቀድዶ ያልፋል እንጂ በበቂ አይረጭም። ብረቶቹ ዘይት ሳያገኙ ለደቂቃዎች ይፋተጋሉ፤ የሚያስጠነቅቅ የግፊት ጌጅ ስለሌለም ጉዳቱ በጊዜው አይታወቅም። የትራክተሮቹና የዶዘሮቹ ሞተሮች ግን ዘይቱን በፖምፓ እየገፉ በክራንኩ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ኩሽኔታዎች (ዘንጉ የሚዞርባቸው ማቀፊያዎች) ውስጥ ያሳልፉታል።

ከፖምፓው እኩል መታየት ያለበት ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ነው። ፊልትሮ ጨርሶ የሌላቸው ሞተሮች አሉ። ከዘይቱ ጥቂቱን ብቻ ወደ ጎን እየወሰደ የሚያጣራ ፊልትሮ ያላቸው አሉ፤ ዘይቱን ሁሉ የሚያጣሩም አሉ። የቤላሩስ ትራክተር ደግሞ ዘይቱን በፍጥነት እያሽከረከረ ቆሻሻውን ወደ ግድግዳ የሚለጥፍ ማጣሪያ አለው፤ ይህ ማጣሪያ ተፈትቶ የሚጸዳ እንጂ ተጥሎ የሚተካ አይደለም። ይህ ልዩነት ምርጫውን የሚወስነው፣ ዘመናዊ ዘይት ጥቀርሻን በውስጡ አንሳፍፎ ወደ ፊልትሮ እንዲያደርስ ተደርጎ ስለሚሠራ ነው። ፊልትሮ በሌለበት ግን የተንሳፈፈው ጥቀርሻ ዘይቱ እስኪቀየር ድረስ በኩሽኔታዎቹ መካከል ይመላለሳል። ስለዚህ ፊልትሮ የሌለው ሞተር ማጠቢያ ቅመም የሌለውን ወይም ቅመሙ አነስተኛ የሆነውን ዘይት ቢጠቀም ቆሻሻው ኮፓው ሥር ይዘቅጥለታል፤ ማጠቢያ ያለውን ዘይት ከተጠቀመ ደግሞ የመቀየሪያ ጊዜውን ማሳጠር የግድ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ማጠቢያ የሌለው ዘይት የፒስተን ፋሻዎቹን (ፒስተኑን የሚከብቡትን ቀለበቶች) ከጥቀርሻ አይጠብቅም፤ በተጨማሪም ዛሬ ደረጃውን የጠበቀውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ደረጃ 2፦ ሞተሩ ምን ዓይነት ዘይት ሲጠቀም እንደኖረ ይመርምሩ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ደረጃ ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ ዘልዬዋለሁ። ከዓመታት በፊት በደምበጫ አካባቢ ለሚገኝ ፖምፓና ወንፊት ላለው የወፍጮ ሞተር ጥሩ የሚባል፣ ማጠቢያው ከፍተኛ የሆነ 15ደብሊው-40 ዘይት መረጥሁ። ሞተሩ ለረጅም ዘመን ርካሽ ዘይት ሲጨመርበት የኖረ ነበር። በሦስተኛው ቀን የግፊቱ ጌጅ መውረድ ጀመረና ባለቤቱ አስጠሩኝ። ኮፓውን አውርደን ስናይ የፖምፓው መምጠጫ ወንፊት የኑግ ፋጉሎ በመሰለ ጥቁር ጭቃ ተሸፍኗል፤ በጣት ሲነካ ይልጋል፣ ሲፋቅ እንደ ሰም ይነሣል። አዲሱ ዘይት በግድግዳው ላይ ለዓመታት የተጋገረውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አራግፎት ነበር።

«ልጄ፣ ዘይቱ ጥሩ ነው ብለኸኝ አልነበረም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዘይቱስ ጥሩ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኮፓውን ሳላወርድና ሳላጸዳ መጨመር አልነበረብኝም» አልኋቸው። ኩሽኔታዎቹ የተረፉት ሞተሩን ቶሎ ስላጠፉት ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘይት ከመግዛትዎ በፊት የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ራስ) ክዳን ከፍተው በጣትዎ ይዳስሱ። ከሥሩ ያለው ብረት በቡናማ ስስ ቅባት ብቻ ከተሸፈነ ሞተሩ ማጠቢያ ያለው ዘይት ሲጠቀም ኖሯል፤ በዚያው ይቀጥሉ። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጭቃ ካገኙ ግን አዲስ ዘይት ከመጨመር በፊት ኮፓውን ማውረድ፣ ወንፊቱን ማጠብና ጓርኒሲዮኑን (በብረቶቹ መጋጠሚያ ያለውን ማሸጊያ) መቀየር ያስፈልጋል። ሞተሩን በነጭ ጋዝ ሞልቶ አስነሥቶ ማጠብ ግን አይገባም፤ ነጭ ጋዝ ኩሽኔታውን ከብረቱ ለይቶ የሚይዘውን የዘይት ሽፋን ያጠፋዋልና።

ደረጃ 3፦ ውፍረቱን ለጎጃም አየር ይምረጡ

በጣሳው ላይ የሚታየው 30፣ 40፣ 50 ወይም 15ደብሊው-40 የሚለው ቁጥር የውፍረት መለኪያ ነው እንጂ የጥራት ደረጃ አይደለም። ነጠላው ቁጥር፣ ወይም ከሰረዙ በኋላ ያለው፣ ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል፤ 30 ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ)፣ 40 እስከ 16.3፣ 50 ደግሞ እስከ 21.9 ድረስ ነው። «ደብሊው» ያለበት ቁጥር የብርድ መለኪያ ነው፤ 15ደብሊው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ፣ 20ደብሊው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ብርድ ሞተር እንዲዞር ይፈቅድ እንደሆነ የተፈተነበት ነው።

እንዲህ ያለ ብርድ በጎጃም ሰው በሚሠራበት አገር የለም። በእንጅባራም ሆነ በጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉ ወረዳዎች የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት አመዳይ ቢጥልም ከዜሮ ብዙ አይወርድም። በመሆኑም ለብርድ ተብለው የተሠሩትን 5ደብሊው እና 0ደብሊው ዘይቶች በተጨማሪ ዋጋ መግዛት ለእነዚህ ማሽኖች የሚጨምረው ጥቅም የለም። በሌላ በኩል ግን ንጋት ላይ በማኑዌላ (በእጅ ማዞሪያ ብረት) የሚነሣ ወይም ባትሪው የደከመ ሞተር 50 ቁጥር ከተሞላ ለመነሣት ይቸገራል፤ ዘይቱ ገና በ40 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ውፍረቱ ከ30 ቁጥር እጥፍ በላይ ነው፤ በንጋት ቅዝቃዜ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ጌጁ ከፍ ብሎ ሲታይ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ግፊቱ ከፍ ያለው ግን ዘይቱ ለማለፍ ስለተቸገረ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የፊልትሮው ማለፊያ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ወደ ኩሽኔታዎቹ ይሄዳል።

ለጎጃም የምመክረው እንደሚከተለው ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ እንደ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ቢቸና ባሉ ቦታዎች ለሚሠራ፣ መጽሐፉ 30 ቁጥር ለሚጠይቅ ሞተር፣ 30 ቁጥር ወይም 15ደብሊው-40 ይበቃዋል። በብር ሸለቆ፣ በአየሁ እርሻ አካባቢና በባሕር ዳር ዙሪያ በበጋ ቀኑን ሙሉ ለሚያርስ ትራክተር 15ደብሊው-40 ወይም 40 ቁጥር ይሻላል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ በዚያ ሙቀት ለሚሠራ ዶዘር ነጠላ 40 ቁጥር ተገቢ ነው። 50 ቁጥርን የምቀበለው ኩሽኔታዎቹ በእርግጥ መበላታቸው ተለክቶ ሲታወቅና ሞተሩ እስኪታደስ ድረስ ለጥቂት ወራት እንዲያዘግም ሲፈለግ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን በቆላ እንጂ በደጋ አይደለም።

የከፍታን ነገርም አንርሳ። በደብረ ማርቆስ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ናፍታው በዚያው ልክ ካልተቀነሰ በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና ጥቁር ጭስ ይሆናል፤ ከጥቀርሻውም የተወሰነው ከፋሻዎቹ አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ውኃም እዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ክዳኑ ግፊት የማይዝ አሮጌ ራዲያተር ቶሎ የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው። የመረሬ አፈር የሚያርስ ሰው እነዚህን ሁለቱን በየቀኑ ያያቸዋል። መፍትሔው የናፍታ ፖምፓውን ማስተካከልና ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው፤ ዘይት ማወፈር ጥቀርሻን አይቀንስም።

ደረጃ 4፦ ፊደሎቹን ያንብቡ

በጣሳው ጀርባ ኤ.ፒ.አይ. (የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም) ከሚለው ቀጥሎ የሚጻፉት ፊደሎች የዘይቱን ችሎታ ይናገራሉ። በ«ኤስ» የሚጀምሩት ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምሩት ለናፍታ ሞተር ናቸው። አሮጌ መጽሐፎች ሲ.ሲ ወይም ሲ.ዲ ብለው ይጠይቃሉ፤ በካተርፒላር መጽሐፍ «ሲሪስ 3» የሚለው ከሲ.ዲ ጋር የሚቀራረብ ነው። በቤላሩስ ትራክተር መጽሐፍ የሚገኘው ኤም-10ጂ2 የተባለው የሩሲያ ስያሜ በውፍረት 30 ቁጥር፣ በችሎታ ሲ.ሲ ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው «የሩሲያ ዘይት ጠፋ» ብሎ ያገኘውን ሲጨምር ይታያል፤ ተመጣጣኙ ግን በየመደብሩ አለ።

ሲ.ሲ እና ሲ.ዲ ዛሬ ጊዜ ያለፈባቸው ደረጃዎች ስለሆኑ ተተኪያቸውን መፈለግ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሲ.ኤፍ የሲ.ዲ ተተኪ ሲሆን፣ የተዘጋጀውም ከመንገድ ውጭ ለሚሠሩ፣ በቅድመ ማቃጠያ ክፍል (ናፍታው መቃጠል በሚጀምርበት ትንሽ ክፍል) ለሚሠሩ እና ድኙ ከ0.5 በመቶ በላይ የሆነ ናፍታ ለሚጠቀሙ ሞተሮች ነው። ለአሮጌ ዶዘርና ለዝግተኛ ሞተር በ30 ወይም በ40 ነጠላ ቁጥር የተዘጋጀ ሲ.ኤፍ ከተገኘ ከእርሱ የሚሻል አላውቅም። ለትራክተሮቹ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሲ.ኤች-4 ወይም እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሲ.አይ-4 በ15ደብሊው-40 ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ሲ.ጄ-4 እና እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው ሲ.ኬ-4 የጭስ ማጣሪያ ላላቸው አዳዲስ ሞተሮችና ድኙ እጅግ ላነሰ ናፍታ የታሰቡ ናቸው፤ ውድ ስለሆኑ ለአሮጌው ይበልጣሉ ማለት አይደለም። ኤፍ.ኤ-4 የሚል ካዩ ፈጽሞ አይግዙ፤ ሆን ተብሎ የሳሳ፣ ለአዳዲስ የጭነት መኪና ሞተሮች ብቻ የተሠራ ነው።

እንደ ዲትሮይት 71 ያለ ባለ ሁለት ምት የናፍታ ሞተር ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ የእርሱ ዘይት 40 ነጠላ ቁጥር፣ አመዱ ከ1 በመቶ ያነሰና ሲ.ኤፍ-2 የሚል መሆን አለበት፤ 15ደብሊው-40 አይጨመርበትም።

ደረጃ 5፦ የናፍታውን ድኝ ያስቡ

ናፍታ ውስጥ ያለ ድኝ ሲቃጠል አሲድ ይሆናል፤ አሲዱን የሚያከሽፈው በዘይቱ ውስጥ ያለ አልካሊ ነው። መጠኑ ቲ.ቢ.ኤን በሚል ቁጥር ይገለጻል፤ በጣሳው ላይ ካልተጻፈ ሻጩን የዘይቱን መግለጫ ወረቀት ይጠይቁ። ካተርፒላር ለሞተሮቹ ያወጣው ደንብ ግልጽ ነው፤ ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ላለው ሞተር የአዲሱ ዘይት ቲ.ቢ.ኤን የናፍታውን የድኝ መቶኛ 20 ጊዜ ያህል፣ በቀጥታ ለሚረጭ ሞተር ደግሞ 10 ጊዜ ያህል መሆን አለበት። የናፍታው ድኝ 0.5 በመቶ ቢሆን ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ላለው አሮጌ ዶዘር ቢያንስ 10፣ በቀጥታ ለሚረጭ ትራክተር ቢያንስ 5 ያስፈልጋል ማለት ነው። የድኙ መጠን የማይታወቅ ናፍታ ሲቀዳ ከፍ ያለውን ይዞ መሄድ ይመረጣል።

ደረጃ 6፦ በመደብሩ

የክዳኑ ማሸጊያ ያልተነካ፣ የምርት ቁጥርና ቀን በጣሳው አካል ላይ የታተመበት መሆኑን ያረጋግጡ። በተቆረጠ ጀሪካን እየተቀዳ የሚሸጥ ዘይት ዋጋው ቢፈትንም ይተዉት፤ ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ ቀለሙ ሲመለስ በዓይን አይለይም። ቀለምና ሽታ ማስረጃ አይሆኑም። ለአንድ ቅያሬ ከሚበቃው በላይ አንድ ሁለት ሊትር ጨምረው ከዚያው ዓይነት ይግዙ፤ በመካከል ሲጎድል ሌላ ዓይነት ለመጨመር እንዳይገደዱ። በጭንቅ ጊዜ የሌላ ኩባንያ የናፍታ ሞተር ዘይት ቢደባለቅ ሞተሩን አያቆመውም፤ ልማድ ግን መሆን የለበትም። ሲንቴቲክ ዘይት ለእነዚህ ሞተሮች አስፈላጊ አይደለም፤ በቡሽ ጓርኒሲዮንና በደረቀ ፓራዮሊዮ (በዘንግ ዙሪያ ያለ የዘይት ማገጃ ጎማ) ላይ ማንጠባጠብን ሊያባብስ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ቅያሬው

ሞተሩን አስነሥተው እስኪሞቅ ያሠሩት፤ አጥፍተው ወዲያው ያፍስሱ፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ ማሽኑ ቤላሩስ ከሆነ የሚሽከረከረውን ማጣሪያ ፈትተው በውስጡ የተጋገረውን ጥቁር ንብርብር በእንጨት ፍቀው ያውጡ። ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ ላይ ካለው የላይኛው ምልክት አያሳልፉ። በርጭት የሚሠራ ሞተር ላይ ይህ ከሌላው ይበልጥ ይጠበቃል፤ ከበዛ ማንኪያው አብዝቶ ይረጭና ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ካነሰ ደግሞ አይደርስበትም። ከዚያ ጌጅ ባለው ሞተር ናፍታውን ዘግተው ጌጁ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሞተሩን በማኑዌላ ወይም በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) ያዙሩት፤ ናፍታውን የሚከፍቱት ከዚህ በኋላ ነው።

ሞተሩ ጭቃ ከነበረበት የመጀመሪያውን ቅያሬ ከ25 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ሁለተኛውን ከ50 ሰዓት በኋላ ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ መጽሐፉ ሰዓት ይመለሱ። መጽሐፍ ከሌለ ፊልትሮ ለሌለው ሞተር ከ100 ሰዓት አይለፉ። በቀን 6 ሰዓት የሚፈጭ ወፍጮ ይህን በ17 ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል፤ «በየሁለት ወሩ እቀይራለሁ» የሚል ባለ ወፍጮ በእውነቱ ከ300 ሰዓት በላይ እየሄደ ነው። ሰዓት ቆጣሪ ለሌለው ማሽን በግድግዳው ላይ ደብተር ይሰቀል፤ የተሠራበት ሰዓትና የተጨመረው ዘይት በየማታው ይጻፍ። ከሳምንት ወደ ሳምንት የሚጨመረው ሊትር እየበዛ ከሄደ ሞተሩ ከዘይት ይልቅ ፋሻ እየጠየቀ ነው።

ደረጃ 8፦ ከቅያሬው በኋላ መከታተል

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከመለኪያው ዘንግ አንድ ጠብታ በንጹሕ ነጭ ወፍራም ወረቀት ላይ ጣል አድርገው እስከ ማግሥቱ ይተዉት። ጥቀርሻው ከመሐል ወደ ዳር እየሳሳ በእኩል ከተበተነ ዘይቱ ገና ጉልበት አለው። መሐሉ እንደ ማኅተም ጠቁሮ ጫፉ በደረቅ መስመር ከቆመ ዘይቱ ጥቀርሻውን መያዝ አቅቶታልና ይቀየር። ዳሩ ላይ ሰፊ ፈዛዛ ክበብ ከታየ ናፍታ እየገባበት ነው።

ውኃ መግባቱን ለማወቅ ብረት ማንኪያ በእሳት ላይ አግለው ሁለት ጠብታ ዘይት ይጣሉበት፤ ፊትዎን ያርቁ። ጸጥ ብሎ ከጨሰ ደኅና ነው። ከተንጣጣ ውኃ አለበት፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም የሲሊንደሩ ጎማ ይመርመር። በዚህ ጊዜ ሌላ ዘይት መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሌሎች ዘይት የሚገባባቸው ቦታዎች

በአሮጌ ትራክተር የአየር ማጣሪያው ራሱ የዘይት ጎድጓዳ ሳህን አለው፤ የሚሞላውም በአብዛኛው ሞተሩ በሚጠቀመው ውፍረት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ደረቅ ማሳ ላይ የሚሠራ ትራክተር ሳህኑ በየቀኑ ይታይ፤ ሥሩ ላይ ደለል ከተኛ ታጥቦ ይሞላ። ከምልክቱ በላይ ከተሞላ ግን ሞተሩ ዘይቱን ስቦ እንደ ናፍታ ያቃጥለውና ናፍታው ቢዘጋም አልጠፋ ሊል ይችላል፤ ይህ ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ ነው። የናፍታ ፖምፓው የራሱ ዘይት ያለው እንደሆነም ይመልከቱ። ለካምቢዮው (ለማርሽ ሳጥኑ) ጂ.ኤል-4 የሚለውን ይምረጡ፤ ጂ.ኤል-5 በውስጡ ያሉትን የነሐስ ክፍሎች ሊበላ ይችላል።

የወጣውን ዘይት በክዳን በሚዘጋ ጀሪካን ያጠራቅሙ። በአገራችን ለምስጥ ብሎ ምሰሶ ላይ መቀባት፣ ለመዥገር ብሎ ከብት ላይ ማሸት የተለመደ ነው፤ ያገለገለ ዘይት ግን የቆዳ ካንሰር የሚያመጡ ነገሮችና የብረት ድቃቂ አሉበት፤ ከብቱም ይልሰዋል። ወደ ቦይ ከፈሰሰ ደግሞ በክረምት ጎርፍ ወደ ወንዝ ይገባል። በቅያሬ ጊዜ የጎማ ጓንት ያድርጉ፤ ዘይት የነካ ጨርቅ በኪስ አይያዙ፤ እጅዎን በናፍታ ሳይሆን በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ።